ከማንም ጋር አላወራሁም

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ የጎንደር እንግዳ ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። የክፉ ሰው እጅ ላይ ወድቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከነከነኝ። ያሰሩኝ ግን የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። እጄ ላይ ገመድ አልነበረም፤ ነገር ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ነገሩ ይብስብኝ ነበር። ዝም ብልም ያው ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው ለዚህ ነው።

ስሜ አትጠገብ ይባላል። የተወለድኩት ከዳባት ወጣ ብሎ በሚገኝ ደጋ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበር እዚያው አቆምኩ። በኋላ ታላቅ ወንድሜ አያ ስማቸው ወደ ጎንደር አመጣኝ። እሱ ግንበኛ ነው፤ ፀዳ አካባቢ በሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ሥራ አያጣም። እኔ የምኖረው ከእሱና ከሚስቱ ከእታ ትርንጎ ጋር ነው። መኝታዬ ጓዳቸው ውስጥ ነበር፤ መስኮት የለውም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ጊዜ ከሰፈሬ አልፌ ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ወርጃለሁ። ከዚያ በእግሬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ሥራ ያገኘሁት ፒያሳ ነው። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ፣ ቤተሰባቸው በንግድ የቆየ ሴትዮ፣ ትንሽ የስልክ ዕቃ መሸጫ አላቸው። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ እንሸጣለን፤ ለፈለገም ዘፈንና መዝሙር ስልኩ ላይ እንጭናለን። ሥራው ብዙ ማውራት ስለማይፈልግ ተስማምቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰላም የምትባል ልጅ ወደ ሱቁ መጣች። ዓይነ ስውር ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የጆሮ ማዳመጫ ልትገዛ ነበር የመጣችው። ስልኳ የተጻፈውን ድምፅ አውጥቶ ያነብላታል። ነገር ግን የሚያነበው እንግሊዝኛውን ብቻ ነው፤ አማርኛው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ከቤት የተላከላትን መልእክት እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሰው ይሰማኛል ብዬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ አነበብኩላት። በሬው ታሞ እንደነበረና እንደዳነ የሚናገር ነበር። በጣም ተደሰተች።

«ስታነቢ ቃል አትውጪም» አለችኝ። ከዚያ ስለ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ስልክ አማርኛ መናገርና መስማት እንዲችል የብዙ ሰው ድምፅ ያስፈልገዋል። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ሠርተዋል። ማንም ሰው ይገባና የሚመጣለትን ዓረፍተ ነገር ያነባል። ሌላ የማያውቀው ሰው ደግሞ ያዳምጥና ትክክል መሆን አለመሆኑን ይናገራል። የተሰበሰበው ድምፅ የማንም ንብረት አይሆንም፤ የፈለገ ሁሉ ወስዶ ሊሠራበት ይችላል። የሚከፈል ገንዘብ የለም።

«እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩ» አልኳት።

«እንድታነቢ ነው የጠየቅሁሽ» አለችኝ።

እትዬ ዘይነባ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ሰጥተውኝ ነበር። ሰላም እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆማ፣ ምን እንደምነካ በቃል እየነገረችኝ ፕሮግራሙን ጫንኩት። ዓረፍተ ነገሮቹን በሱቁ ኢንተርኔት አወርዳለሁ፣ ቤት ገብቼ አነባለሁ፣ በማግስቱ ከሱቁ እልካለሁ። ቀላል ነው።

መጀመሪያ የላክሁት ሁሉ ወደቀ። በሹክሹክታ ስላነበብኩ አይሰማም ተባለ። ሰላም በቀጣዩ ጊዜ ስትመጣ ስነግራት ሳቀችብኝ። «በሩን ዝጊ፣ ጋቢ ተከናነቢ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አለችኝ። ጋቢው ድምፅ እንዳያስተጋባ ያደርጋል፣ የውጭውንም ጩኸት ይቀንሳል። እንዳለችኝ አደረግሁ። በማግስቱ ካነበብኩት አንዱ አለፈ። የት እንዳለ የማላውቀው ሰው ሰምቶኝ «ትክክል» አለ። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ትክክል ያለኝ ሰው አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለመድኩት። ከሥራ ስመለስ ጓዳዬ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ አነባለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ ከየት እንደሚመጡ አላውቅም። እርስ በርሳቸው አይገናኙም። አንዱ ስለ ስንዴ ምርት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከተረት የተቆረጠ ይመስላል። ለወንድሜና ለሚስቱ አልነገርኳቸውም። መደበቄ አልነበረም፤ እንዴት እንደሚነገር ስላልገባኝ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ለቅሶ ሄደዋል ብዬ ድምፄን ለቅቄ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸገረኝ። «አትፍሪ፣ በሩን ክፈቺልኝ» ይላል። አንዴ ተሳሳትኩ፣ አንዴ አሳለኝ፣ እንደገና ደጋገምኩት። ቀጥሎ የመጣው «ነገ በጠዋት ሁላችሁንም ይዤ እሄዳለሁ» የሚል ነበር። እሱንም ጮክ ብዬ አነበብኩ።

በሩ ተከፈተ። ጋቢውን ከራሴ ላይ ሳወርድ እታ ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። አያ ስማቸው ከኋላዋ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ቀድመው ተመልሰው በበሩ ስንጥቅ ሲያዩኝ ቆይተዋል። ያዩት ይህን ነው፤ ጨለማ ቤት ውስጥ አንዲት ሰው የማታናግር ልጅ ተከናንባ ተቀምጣለች፣ ከጋቢው ሥር ብርሃን ይወጣል፣ እነሱ ሰምተውት በማያውቁት ኃይለኛ ድምፅም በሩን ክፈቺልኝ ትላለች። አሁን ሳስበው እኔም ብሆን እፈራ ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪ?» አለኝ ወንድሜ።

«ከማንም ጋር።»

«ማንን ነው ይዤ እሄዳለሁ ያልሽ?»

«ማንንም። ተጽፎ መጥቶልኝ ነው።»

«ማን ጽፎ?»

«አላውቀውም።»

ስልኩን ተቀበለኝና አየው። ያ ዓረፍተ ነገር አልፎ ሌላ መጥቷል፤ ስለ ቡና ተክል የሚናገር። ያለፈውን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ፕሮግራሙ አንዴ የተነበበውን አይመልስም። ይህን ብነግረው ወደ ሚስቱ ዞሮ አየ።

ያነበብኩትን ለሰዎች እንደምልክ ነገርኩት። ድምፄን ምን ያደርጉታል አለኝ። ስልክ ያስተምሩበታል አልኩት። ይከፍሉሻል ወይ አለኝ። አይከፍሉም አልኩ። ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለኝ። አላውቃቸውም። የት ነው ያሉ? በየአገሩ። እያንዳንዱ መልሴ እውነት ነው። እያንዳንዱ መልሴ ግን በራሴ ጆሮ እንኳ የበሽተኛ ሰው መልስ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ምነው ድምፅሽን በነፃ ትሰጫቸዋለሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

አንገቴን ደፋሁ። ሲያፈጡብኝ ቃል አይወጣኝም። እታ ትርንጎ ዝምታዬን ስታይ አለቀሰች። ከጥምቀት ወዲህ ምግብ መቀነሴን፣ ከሥራ እያመሸሁ መግባቴን፣ ብቻዬን ፈገግ ስል ማየቷን አንድ በአንድ ተናገረች። ሁሉም እውነት ነበር። ምግብ የምቀንሰው ለንባቡ ስቸኩል ነው፤ የማመሸው ድምፁን በሱቁ ኢንተርኔት ለመላክ ስቆይ ነው፤ ፈገግ የምለውም ያለፈልኝን ንባብ ሳስታውስ ነው።

ሰላምን እንዲጠይቁ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ተዘግቶ አገሯ ገብታለች፤ ስልክ ቁጥሯንም ለመጠየቅ አፍሬ አልያዝኩም። እትዬ ዘይነባን ጠይቅልኝ አልኩት። ደወለላቸው። እሳቸው ክፉ አልተናገሩም፤ ደህና ልጅ ናት፣ ብቻ አንዳንዴ ጥግ ይዛ ለብቻዋ ታወራለች፣ እኛ ለምደነዋል አሉት። ቤት ገብቼ ከማንበቤ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ሱቅ ውስጥ ቀስ ብዬ ስለማመድ አይተውኝ ነው። ወንድሜ ስልኩን ዘጋና «ሱቅም ያው ነው» አለ።

በማግስቱ ጸበል ወሰዱኝ።

የቦታውን ስም አልጠራም። ከከተማው ወጥቶ ቁልቁል የሚወረድበት፣ ሁለት ገደል መካከል ያለ ቦታ ነው። ከወረዱ በኋላ ሰማዩ እንደ መቀነት ይጠባል። የስልክ ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርም ስልኬን እታ ትርንጎ አጥፍታ ይዛዋለች። ወንድሜ ለሥራው ተመለሰ። እሷ አስታማሚዬ ሆና ቀረች።

ጸበል አልጠላም። ከልጅነቴ ተጠምቄበታለሁ፣ ጠጥቼዋለሁ። ግን ጤነኛ ሆኖ እንደ በሽተኛ መጠመቅ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት በብርድ እንሰለፋለን። አጥማቂው አባ መስቀላቸውን ከራሴ ላይ አድርገው «ማን ነህ? የት ያዝካት?» ይላሉ። መንፈስ ያደረበት ሰው እዚህ ላይ ይጮሃል፣ ይለፈልፋል። ስሙን፣ የት እንደያዘው፣ መቼ እንደሚወጣ ይናገራል። እኔ ግን የሚለፈልፍልኝ የለም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አያለሁ። ከኋላዬ «ይሄ ድዳ ነው፣ ድዳ መንፈስ ደግሞ ክፉ ነው» ሲሉ እሰማለሁ።

ልናገር ብል የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ መንፈሱ ነው። ዝም ብል መንፈሱ እምቢ ብሏል። በየት በኩል ልውጣ?

እታ ትርንጎ ክፉ ሰው አይደለችም። ብርድ እንዳይመታኝ የራሷን ጋቢ ደርባልኝ እሷ በነጠላ ታድራለች። ምግብ ስትሰጠኝ በእጇ እያጎረሰች ነው። ግን የምትተኛው በሩ ላይ ተጋድማ ነው። ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ ቀሚሴን ይዛ ትከተለኛለች። በእንዲህ ዓይነት ሰው ላይ መቆጣት አይቻልም።

አጠገቤ የምትተኛ ውብዓለም የምትባል የኮላ ድባ ሴት ነበረች። ራሴን ያመኛል ብላ የመጣች፣ ጨዋታ አዋቂ። አንድ ቀን እታ ትርንጎ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሰው ሳይበዛ ስለነበር ሁሉንም ነገርኳት። ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ ሞኝ፣ ለፍልፊና ውጪ» አለችኝ። «ምን ይከብዳል? ወንዝ ዳር ነው የያዝኳት በይ፣ ጥቁር ዶሮ ጠይቂ፣ ከዚያ እወጣለሁ ብለሽ ውደቂ። ስትነሺ ውኃ ስጡኝ በይ። እልልታው ሳያልቅ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«ዋሽቼ?»

«መንፈሱ ነው የሚዋሽ፣ አንቺ ምን አገባሽ?»

አልዋሽም፤ አሰብኩበት። አንድ ጩኸት ነው፣ ከዚያ ነፃ እወጣለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ መንፈስ የነበረባት ልጅ ነኝ። ስልኩም የመንፈሱ ዕቃ ነበር ተብሎ ይሰበራል። ማንበብ ቀርቶ ለብቻዬ ባንጎራጉር እንኳ ተመለሰባት ይባላል። ደግሞም እንኳን መንፈስ ሆኜ «ወራጅ አለ» ብዬም ጮሄ አላውቅም። ተውኩት።

ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። አዲስ ጫማ ይዞልኝ ነበር። የመንገድ ጫማ እንደሆነ ሳየው ገባኝ። እታ ትርንጎን ወደ ጎን ወስዶ ሲያናግራት ሰማሁት። ነገም ካልለፈለፈች ወደ እናቴ ወስጄ አስረክባታለሁ፣ አንድ ነገር ብትሆን ከተማ ወስዶ አስበላት እባላለሁ አለ። እታ ትርንጎ ትንሽ ይታገሡ ብትለው እምቢ አለ።

ወደ አገሬ መመለስ ለሌላው ሰው ቅጣት አይመስልም ይሆናል። ለእኔ ግን ጎንደር ያለኝ ሁሉ ነው። ሱቁ፣ ደመወዜ፣ ያ የማላውቀው «ትክክል» ያለኝ ሰው። አገሬ ከገባሁ ታማ የተመለሰች ልጅ ነኝ። ታማ የተመለሰችን ልጅ ደግሞ ከእናቷ ጓሮ አልፋ እንድትሄድ የሚፈቅድ የለም። ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም። ለጾም መስሏቸው ደስ አላቸው።

እሁድ ጠዋት ሰው ከወትሮው ይበዛ ነበር። ተራዬ ደረሰ። ውኃው እንደ በረዶ ነው። አባ መስቀላቸውን አደረጉብኝና «ማን ነህ?» አሉ።

«አትጠገብ ነኝ» አልኩ።

ሰው አጉረመረመ። ስሟን ይዞ ነው የሚናገር የሚል ሰማሁ። አባ ግን መስቀሉን ትንሽ ከፍ አደረጉና ፊቴን አዩኝ። ቀና እንድል ነገሩኝ፤ ቀና አልኩ። የአባቴን ስም፣ የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። መለስኩ። ከጥምቀቱ በኋላ ለብቻችን እንነጋገራለን አሉኝ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ በረከት እቆጥረው ነበር። ነገር ግን ወንድሜ ጫማውን በፌስታል ይዞ ከሰዎቹ መካከል ቆሟል። ለብቻችን ከተነጋገርን እሱ አይሰማም፤ ወጥቼ ብነግረው ደግሞ አያምነኝም።

«አባ፣ እዚሁ ልናገር» አልኩ።

ፈቀዱልኝ። ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። ስልክ፣ ፕሮግራም፣ በጎ ፈቃደኛ የሚለውን ቃል ሁሉ ለወንድሜ ተናግሬው አልጠቀመኝም። ፊት ለፊቴ የቆመውን ሰው አየሁ። አብዛኛው ገበሬ ነው፤ እንደ አባቴ።

«ጅጌ ነው፣ አባ» አልኩ። «አዝመራ ሲደርስ ሰው ይጠራ የለ? ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ ያጭዳል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሄም እንደዚያ ነው። የሚሰበሰበው ድምፅ ነው። አንዱ ትንሽ ያነባል፣ ሌላውም ትንሽ ያነባል። እኔም የድርሻዬን ሳነብ ነው የሰሙኝ።»

«የማሳው ባለቤት ማን ነው?» አሉ አባ።

«ባለቤት የለውም። የፈለገ ሁሉ ይወስዳል።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ባለቤት የሌለው ማሳማ ከብት ይገባበታል» አሉ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ትንሽ አቀለለኝ።

«ይገባበታል፣ አያ» አልኳቸው። «ለዚህ ነው አንዱ ያነበበውን ሌላው የሚሰማው። ጥሩ ካልሆነ ይጥለዋል። የእኔንም ብዙ ጥለውብኛል።»

ወንድሜ በሰው መካከል አልፎ ወደ ፊት መጣ። «በጅጌ ሰው ፊት ለፊት ይተያያል» አለኝ። «አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይጠጣል። ነገ ደግሞ ለአንቺ ይመጣል። የአንቺዎቹን መልካቸውን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«እኮ!»

እውነቱን ነው፤ አይቻቸው አላውቅም። አንተስ የሠራኸው ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር ታውቃለህ ወይ አልኩት። እሱማ ተከፍሎኝ ነው አለ። ሰው እንደገና ሳቀ፣ በዚህ ጊዜ ግን በእኔ ላይ ነው። ያ የጓዳው ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ምነው በነፃ? አሁንም አንገቴ ሊደፋ ሲል አባ እሱኑ ጠየቁኝ። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም።

«ልጄ፣ ለምን ብለሽ ነው?»

ስለ ሰላም ነገርኳቸው። ዓይኗ እንደማያይ፣ ስልኳ እንደሚያነብላት፣ የእናቷ መልእክት ላይ ሲደርስ ግን ዝም እንደሚል። በሬው መዳኑን ለማወቅ የማታውቀውን ሰው መለመን እንዳለባት። «እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ አባ» አልኩ። «ጋቢ ውስጥ ግን እችላለሁ። እዚያ ያነበብኩት ለእንደሷ ዓይነት ሰው ይሆናል አሉኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ወደቀች ብላ እልል ልትል ጀመረች፤ ውብዓለም ነጠላዋን ጎትታ አስቆመቻት።

አባ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ዓይን አፋር እንጂ ሕመምተኛ አይደለችም» አሉ። «የምትሠራውን ሥራ እኔም በደንብ አልገባኝም። ያልገባኝን ሁሉ ግን መንፈስ ነው አልልም። ጸበሉ ለጤነኛም በረከት ነው፤ ሱባዔዋን ትጨርስና ወደ ሥራዋ ትመለስ።»

«እርስዎ ካሉ እሺ፣ አባ» አለ ወንድሜ። መስቀል ተሳለመ። እታ ትርንጎ እየሮጠች መጥታ ጋቢውን አለበሰችኝ።

ውብዓለም ማታ እህል ስንቀምስ «ያን ሁሉ ከምትናገሪ ብትለፈልፊ አይቀልሽም ነበር?» አለችኝ። ከመጣሁ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሱባዔዬን ጨርሼ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። እታ ትርንጎ ስልኬን ስትሰጠኝ በጥንቃቄ በጨርቅ ጠቅልላው ነበር። ለደህንነቴ ብላ ጸበል ረጭታዋለች። በተሰነጠቀው መስታወት ውኃው ገብቶ ጨርሶ አልበራ አለ። ያልላክኋቸው ንባቦች አብረው ጠፉ። አዝኜ ነበር፤ ግን ፊቷን ሳይ አልተናገርኳትም። እትዬ ዘይነባ ስለነገሩት ነገር ተጸጽተው ሌላ አሮጌ ስልክ ሰጡኝ። ሰላምም ከአገሯ ስትመለስ ታሪኩን ነገርኳት፤ ግማሹን ሳቀች፣ ግማሹን ደነገጠች። አሁን ከማንበብ ሌላ የሰውን ንባብ አዳምጣለሁ፤ ትክክል የምለው እኔ ሆኛለሁ። ጓዳ ውስጥ ግን በር ዘግቼ አላነብም፤ ከፍቼው ነው።

ወንድሜን አልተቀየምኩትም። አንድ ነገር ብቻ ውስጤ ቀርቶ ነበር። ያመነው አባን ነው፤ እኔን አይደለም። እሳቸው ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆኑ ኖሮ የት ነበርኩ እያልኩ አስብ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ይህንን ጽሑፍ የጨረስኩት ባለፈው እሁድ ነው። አያ ስማቸው ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ስለዚያ ጊዜ ነው አልኩት። አንብቢልኝ አለ። እስከዚህ ድረስ ያለውን አነበብኩለት፤ የከነከነኝንም ሳላስቀር። ሲሰማኝ ከጥፍሩ ሥር የደረቀ ሲሚንቶ እየፋቀ ነበር።

«ክፉ ሰው አደረግሽኝ» አለ።

«ክፉ አላልኩህም።»

«ፈርቼ እኮ ነው። እናታችንን ምን እላታለሁ ብዬ ነው።» ከዚያ «ያኔ ገና ከጅምሩ ብትነግሪኝ ኖሮ እዚያ ሁሉ ባልደረስን» አለኝ።

«ነግሬህ ነበር፣ አያ ስማቸው» አልኩት።

መፋቁን ተወ።

«አዎ» አለ። «ነግረሽኝ ነበር።»

ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። እኔም ያን ውስጤ ቀርቶ የነበረውን ቅሬታ ብፈልገው አላገኘሁትም።